ፍል ውሃ እስከ አንገት

«ነጭ ካምሪ የማን ናት? ፓርኪንግ የምትቀጣዋ ሴትዮ ጥጉ ጋ ደርሳለች» አለ ጋሼ ግዛው፣ ጭንቅላቱን በበሩ አስገብቶ። ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው ድምፁን ዝቅ አደረገና «ይቅርታ፣ ነጭ ካምሪ» ብሎ ደገመው።

አምስት ወንዶች ባንዴ ተነሱ። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከሚደረደሩበት ከፌርፋክስ መንገድ ጀርባ ባለች ጠባብ አፓርትመንት ውስጥ ግማሹ ለቀስተኛ ታክሲ ድራይቭ የሚያደርግ፣ ግማሹ ፓርኪንግ የሚሰራ ሲሆን እንግዲህ ነጭ ካምሪ የሌለው ማን አለ።

ኤልሻዳይ ኪችኑ በር ላይ ቆማ የወረቀት ሰሃን እየደረደረች አየቻቸው። መሳቅ ነበረባት። አባቷ ብርሃኑ ቢኖር ሆዱን ይዞ ነበር የሚስቀው፣ ከዚያ ደግሞ ማታ ለእናቷ አስመስሎ ያወራላት ነበር፣ አነሳሳቸው እንኳን ሳይቀር። ግን ሳቁም አልመጣላት፣ ለቅሶውም አልመጣላት። ጥርስ ሐኪም ሄደሽ፣ መርፌ ወግቶሽ፣ ከንፈርሽ የት እንዳለ ሲጠፋሽ አለ አይደል? እሷ ሁለመናዋ እንደዛ ሆኗል።

«ልጅቷ እስካሁን አላለቀሰችም አይደል?» አለች ሶፋው ላይ ያለች አንዷ ሴት፣ በሹክሹክታ ያወራች መስሏት።

«እዚህ የተወለዱት እንደዛ ናቸው እባክሽ። ሰው ፊት አያለቅሱም፣ ቀጠሮ ይዘው ነው።»

«ዝም በሉ፣ ትሰማለች» አለች እትዬ ለተማርያም፣ የፎቁ ጎረቤታቸው። ጫማዋን ከገባች ጀምሮ አውልቃ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት። የታሸገ ውሃ ሲመጣ ወደ በረንዳ፣ የወጥ ትሪ ሲመጣ ወደ ምድጃ።

የኤልሻዳይ ስልክ የጂንሷ ኪስ ውስጥ ነዘራት። «ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» የሚል የክፍሏ ልጅ የሐዘን መልእክት ነው ብላ አወጣችው። አልነበረም። ከጃፓን ነው።

ፍሪጁን ተደግፋ አነበበችው። ናጋኖ ከሚባለው አገር፣ ተራራ ላይ ካለችው ትንሽዬ የፍል ውሃ ማረፊያ። ውድ ሚስተር ብርሃኑ፣ ይላል፣ መልሳችን ስለዘገየ በጣም ይቅርታ። ከማረፊያው ባለቤት ከአሮጊቷ ጋር ተማክረናል። የሚስትዎ ንቅሳት ችግር የለውም። መስቀሏን ይዛ ትምጣ፣ ምንም አትሸፍንም። እስከ ዓርብ ድረስ ስንት ሰው እንደሆናችሁና የእያንዳንዳችሁን ቁመት ላኩልን፣ ማታ የምትለብሱትን ልብስ በልካችሁ እናዘጋጃለን።

ስንት ሰው እንደሆናችሁ።

ስልኩን ኪሷ ከተተችና ሰሃን መደርደሯን ቀጠለች።

ነገሩ የተጀመረው በእትዬ ሳቺኮ ነው። እትዬ ሳቺኮ ማለት ጋርዴና የሚባለው ሰፈር የምትኖር ጃፓናዊት አሮጊት ናት፣ ብርሃኑ ሐኪም ቤት የሚያመላልሳት ቋሚ ደንበኛው። ሰው ሁሉ በስልኩ መኪና መጥራት ሲጀምር እንኳን እሷ «የኔ ሹፌር አለኝ» ብላ እምቢ ያለች። እሱም ሚስስ ምናምን ማለት አልሆነለትም፣ እትዬ ሳቺኮ ነው የሚላት፣ እሷ ደግሞ እትዬ ማለት ምን እንደሆነ ሳታውቅ ወደደችው። ታዲያ አንድ ቀን የፅጌን ነገር አጫወታት። ሚስቱ ጉልበቷን እንደሚያማት፣ ሌሊት ቀስ ብላ ተነስታ ስታሸው እሱ የተኛ እንደሚያስመስል። እትዬ ሳቺኮም ልጅ ሆና ያደገችበትን ተራራ ነገረችው። በረዶ ላይ እንፋሎት የሚወጣው ውሃ፣ እስከ አንገትህ ገብተህ ስትቀመጥ አጥንትህ ድረስ የሚሰማህ።

ከዚያ ወዲያ ያ ሰው ሌላ ወሬ የለውም። ከሥራ ሲመጣ ኤልሻዳይን ጠራ ያደርግና ላፕቶፑን ያስከፍታታል። ለፅጌ ሰርፕራይዝ ነው፣ ትንፍሽ እንዳትዪ። እና ኤልሻዳይ ደግሞ አብዳለት ነበር፣ በጣም ነው ያበደችው፣ ማታ ማታ ሆምወርኳን ትታ እንደ ጥይት የሚፈጥነውን ባቡር ታያለች፣ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ ባለ ሁለት ፎቅ መኪና ገደል ለገደል ሲሄድ ታያለች፣ ፍል ውሃ ውስጥ ተቀምጠው ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ፊታቸው ቀይ ጦጣዎች ታያለች፣ ጦጣዎቹን ሳታሳያት ማደር አቅቷት ትንሿን እህቷን ሔለንን ስታሳያት ሔለን ደግሞ «ጦጣው አጎቴ ለይኩንን ይመስላል» ብላ በአባቷ እቅፍ ውስጥ ተፈነደቀች። ብርሃኑ ግን ጥያቄው ሌላ ነው።

«ቆይ፣ ያ መንገድ ዳገት አለው? ለእናትሽ ጉልበት አይሆንም። ወንዙ ዳር ያለውን አሳዪኝ፣ ሜዳውን። ሔለን ስትደክም የሚቀመጡበት አለ?»

«አለ አባዬ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ይኸው።»

«ምግቡስ? ሁሉም ዓሣ ነው። ከፍልሰታ በፊት መሆን አለበት፣ አለዚያ እናትሽ ሩዝ ብቻ እየበላች ልትመለስ ነው።»

አጠቃቀሙንም አጠና። እዚያ አገር ውሃው ውስጥ ከመግባትሽ በፊት ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ ታጥበሽ ትጨርሺያለሽ፣ ልብስ የሚባል ነገር ይዘሽ አትገቢም፣ ትንሿ ፎጣሽ ደግሞ ውሃ መንካት የለባትም፣ አጣጥፈሽ ጭንቅላትሽ ላይ ነው የምታስቀምጫት። ብርሃኑ ይሄን ሊለማመድ ከነፒጃማው ባዶ ገንዳ ውስጥ ገባ። የኪችን ፎጣ አናቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ፅጌ የመታጠቢያ ቤቱን በር ድንገት ከፍታ አየችው። አየችው፣ አየችውና «ሰውዬው ለየለት» ብላ በሩን መልሳ ዘጋችው።

ችግር የመጣው ከንቅሳቷ ነው። ፅጌ ጎጃም ያደገች ናት፤ ግንባሯ ላይ መስቀል፣ አንገቷ ላይ እንደ ሐብል በመደዳ የወረደ ንቅሳት አላት። የጃፓኖቹ ፍል ውሃ ቤት ደግሞ የተነቀሰ ሰው አያስገባም። ለካ እዚያ አገር ንቅሳት ያለው ወሮበላ ነው ተብሎ ይፈራል። ብርሃኑ መጀመሪያ ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ። «ፅጌ ማፊያ ናት ተባለች በቃ።» ከዚያ አንዱ ማረፊያ ፕላስተር ለጥፋችሁ ሸፍኑት ብሎ ሲጽፍለት ሳቁ ቆመ።

«የእናትሽ መስቀል ምን አጥፍቶ ነው የሚሸፈነው? ጻፊላቸው። ልጅ ሆና ነው የተነቀሰችው በያቸው። እናቷ አቅፋ ይዛት ነው በያቸው።»

ጻፈች። እምቢ አሉ። ለሌላ ጻፈች፣ እምቢ አሉ። አንዲቷ ትንሽዬ ማረፊያ ብቻ ፎቶ ላኩልን፣ ባለቤቷን እንጠይቅ አለች። ላኩ። ከዚያ ዝም።

ብርሃኑ ያንን መልስ እየጠበቀ ነበር። ኤርፖርቱ ጋ ታክሲዎች ተራ የሚይዙበት ሜዳ ላይ ነው የሞተው፣ መኪናው ውስጥ፣ ወንበሩን ለጠጥ አድርጎ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ የፊተኛው ሄደ፣ የሱ አልሄደችም። ከኋላ ክላክስ አደረጉበት። ወርዶ መስኮቱን ያንኳኳው ጋሼ ግዛው ነው። «የተኛ መስሎኝ» ይላል እስካሁን፣ የሚጠይቀው ሰው ሳይኖር።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ሳቺኮ መጣች። በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀችና ዳር ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው። ቤቱ ጸጥ አለ። ሰዎቹ ወንበር ሊለቁላት ተነሱ፣ እሷ ግን ፅጌ የተቀመጠችበት ፍራሽ ጫፍ ላይ ተንበረከከች። ብዙ ጊዜ ምንም አላለችም። ይሄ ለቀስተኛውን ሁሉ ደስ አሰኘው። «ወጉን ታውቃለች» አለች አንዷ።

ከዚያ ከቦርሳዋ ስስ፣ ትንሽ፣ ነጭና ሰማያዊ ፎጣ አውጥታ በሁለት እጇ ለፅጌ ሰጠቻት። ፅጌ እንባ መጥረጊያ መስሏት ፊቷን ጠረገችበት። እትዬ ሳቺኮ በእንግሊዝኛዋ ለረጅም ጊዜ ተናገረች፣ ቀስ እያለች፣ እጇን እንደ ተራራ እያደረገች።

«ምን ትላለች?» አለች ፅጌ።

ቤቱ በሙሉ ወደ ኤልሻዳይ ዞረ። ብርሃኑ ወደ ተራራዬ ሊወስድሽ ነበር ነው የምትለው። ልብስሽን አውልቀሽ፣ ጉልበትሽን፣ እስከ አንገትሽ። ይሄን ሁሉ ሰው ፊት? እናቷ ገና ዓመት ጥቁር ትለብሳለች፣ ዓመት ሙሉ ሠርግ እንኳን አትሄድም። ባሏን ቀብራ ሽርሽር ልትሄድ አስባ ነበር ይሏታል። ደግሞ ከተነገረ በኋላ አይሆንም ከተባለ በቃ ያልቃል፤ ከአባቷ ጋር ከሠሩት ሁሉ ያልሞተ የቀረ ይሄ ጉዞ ብቻ ነው።

«እግዚአብሔር ያጥናችሁ ነው የምትለው» አለች ኤልሻዳይ።

ፅጌ ልጇን አየቻት። «ይሄ ሁሉ ወሬ?»

«አዎ። በነሱ ቋንቋ ይረዝማል።»

«በእንግሊዝኛ እኮ ነው ያወራችው።»

አንዱ ሳል አስመስሎ ሳቀ።

ሲመሽ፣ ሰው ቀለል ሲል፣ እትዬ ለተማርያም ፅጌን ብብቷን ይዛ አስነሳቻት። «ሠልስቱ ወጥቷል፣ በቃ። እግርሽን እንኳን ታጠቢ። ኤልሲ፣ ውሃ አሙቂላት።»

ኤልሻዳይ ገንዳውን እስከ ግማሽ ሞላችው። ፅጌ ጥቁር ቀሚሷን ወደ ጉልበቷ ሰብስባ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና እግሯን ከተተች። ጉልበቷ አብጧል። ሙቀቱ ሲነካት ከንፈሯን ነከሰች።

«አሁን ንገሪኝ» አለች፣ ውሃውን እያየች። «አሮጊቷ ምን አለች?»

ኤልሻዳይ ነገረቻት። ጀምራ ማቆም አልቻለችም፣ ባቡሩን፣ ጦጣዎቹን፣ ወንዙ ዳር ያለውን ሜዳ፣ የፍልሰታን ነገር፣ ወሮበላ መባሏን፣ ፕላስተሩን። አባቷ ሲናደድ ያለውን እሱ እንዳለው አድርጋ ነገረቻት፣ ድምፁ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች። ስልኩን አውጥታ መልሱንም አሳየቻት።

ፅጌ ስልኩን መለሰችላት። «ባለፈው ሰሞን ሰሃን ሳጥብ አባትሽ አንገቴን ፎቶ አነሳኝ» አለች። «ምነው ስለው፣ ዝም ብዬ አለኝ። አንድ ነገር አብጦብኝ ደብቆኝ ነው ብዬ፣ ስንት ቀን በመስታወት ሳየው ከረምኩ።»

«ለነሱ ሊልከው ነው።»

«ስለ መስቀሌ ምን አሉ አልሽኝ?»

«ይዛው ትምጣ አሉ።»

ፅጌ ግንባሯን በእርጥብ ጣቷ ነካችው። «በጥቁር ልብስ ያስገባሉ?»

«በምንም ልብስ አያስገቡም እማዬ። ሁሉንም አውልቀሽ ቅርጫት ውስጥ ነው የምታስቀምጪው።»

«ጥቁሩንም?»

«ጥቁሩንም። ስትወጪ መልሰሽ ትለብሺዋለሽ።»

ውጪ ጋሼ ግዛው አሁንም መኪና እያስወጣ ነው፣ «ና፣ ና፣ ና፣ በቃ» ይላል።

«ስንት ሰው ናችሁ ነው የሚሉት?»

ኤልሻዳይ ልትመልስ አፏን ከፈተች፣ ግን ቃሉ እምቢ አላት። ከንፈሯን ይነዝራት ጀመር፣ የጥርስ ሐኪሙ መርፌ ሲለቅ እንደሚሆነው።

«ሶስት በያቸው» አለች ፅጌ። «እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ጻፊው። ሶስት። የሔለንን ቁመት ጨምረሽ ጻፊ፣ እስከዚያ ታድጋለች።»

ጻፈች። ላከችውም። ከዚያ ያቺን ትንሽ ፎጣ ከእናቷ ትከሻ ላይ አነሳች፣ በአራት አጠፈቻት፣ የእናቷን ጥቁር ሻሽ ፈታችና ፎጣዋን አናቷ ላይ አስቀመጠችላት።

«እንዲህ ነው የሚደረገው» አለች።

«አውቃለሁ» አለች ፅጌ። «ገንዳው ውስጥ አይቼዋለሁ።»

እትዬ ለተማርያም በሩን አንኳኳች። «ፅጌ፣ ከኢንግልዉድ ሰዎች መጥተዋል። ነይ እንጂ።»

«መጣሁ» አለች ፅጌ። አልተነሳችም። ፎጣው እንዳይወድቅባት በአንድ እጇ ጭንቅላቷን ደገፍ አድርጋ፣ በሌላው እጇ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ትንሽ ከፈተችው።