የኢንዓም ቁንጥር ወርቅ

ማህጁብ መዶሻውን አስቀመጠ። መስፉ ላይ ያለው ወርቅ እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰነጣጥቋል።

«ነጭ ፍሬ አለበት» አለ አንጥረኛው። «ከኢንዓም ወንዝ የመጣው ነው። የእህትሽ ወርቅ እንደ ራሷ ነው፤ መዶሻ አይሰማም። ለቅሜ ልጣለው?»

«ጣለውና ኢንዓምን ምን ልበላት?»

ዓኢሻ አልሳቀችም፤ ልጇን ልትድር ነው። በእነሱ ቤት ልማድ ሴት ልጅ ስትዳር ዘመዶቿ ሁሉ ከየወንዛቸው አጥበው ካገኙት ወርቅ ቁንጥር ቁንጥር ያዋጣሉ። አንድ ላይ ይቀልጣል፤ የማንም አይቀርም። ኢንዓም ደግሞ በመሬት ተጣልታ የእህቷን ደጅ ሳትረግጥ ዓመታት ኖራለች። ሽማግሌ ገብቶ ከታረቁ ወዲህ የላከችው የመጀመሪያ ነገር ይህ ቁንጥር ነው።

ማህጁብ ወደ ዲማ ላካት። ዲማ ከወለጋ ተመድቦ አሶሳ የመጣ የኬሚስትሪ ባለሙያ ነው። ክልሉ አዲስ፣ ቢሮውም አዲስ ነው፤ ላቦራቶሪ የተባለው ክፍል ታፔላ እንጂ ውሃ የለውም። ዲማ ውሃውን በጀሪካን ያመጣል፣ እሳቱን በከሰል ያነዳል፣ ሲመሽ እግሩ ያብጣል።

«እህቴ ሠርግ ላይ ይመጣል፤ የኔ የታለ ይላል» አለችው ዓኢሻ በተማረችው አማርኛ። «ነጩ አይጠፋም፣ ኡስታዝ?»

ዲማ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «ነጩ ፕላቲኒየም ነው፤ እኛም አገር አለ። ይለያል እናቴ፣ ግን ያደክማል።»

«ወርቁን ነው ሰውን?»

«ሰውን።»

ሁለት አሲድ ቀላቅሎ የተሰነጠቀውን ወርቅ ከተተበት። ውጪ አውጥተው፣ ጭሱን እየሸሹ ሲያሞቁት አረፈዱ። ወርቁም ነጩም ሟሙተው ብርቱካን የመሰለ ፈሳሽ ሆኑ። የብረት ጨው ሲጨምርበት ወርቁ ብቻውን ቡናማ ጭቃ ሆኖ ተቀመጠ፤ አጣርቶ ሰጣት። ፈሳሹ ውስጥ የቀረችው ኢንዓም ናት። እሷን ለማውረድ ነሻድር የሚሉት የበያጆች ጨው ያስፈልጋል፤ ቢሮው ስለሌለው ከገበያ ቆርቆሮ በያጅ ለምኖ መጣ። ነሻድሩ ሲገባ ቢጫ ዱቄት ቀስ እያለ ወረደ።

«አሲዱ እንዲለቀው ይታጠባል» አለና ጀሪካኑን ይዞ ወጣ።

ሲመለስ ዓኢሻ አጥባ ጨርሳለች። ለሙሽራ የሚሄድ ነገር ንጹሕ ይሁን ብላ የውዱእ ማንቆርቆሪያዋን ከሰሉ ላይ አሙቃ፣ ደጋግማ አለቅልቃዋለች። ሳህኑ ላይ የቀረው እፍ ቢሉት የሚጠፋ ነበር።

ዲማ ጀሪካኑን አስቀምጦ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ቢጫው በነሻድር ውሃ እንጂ በተራ ውሃ፣ ያውም በሙቅ፣ አይታጠብም፤ ይሟሟል።

«አጠፋሁ?»

«ሳልነግርሽ የሄድኩት እኔ ነኝ። ውሃውን የት ደፋሽው?»

«ለሙሽራ የታጠበ፣ ሰው የሚረግጠው ቦታ ይደፋል?» የላስቲክ ባልዲውን አሳየችው።

ዲማ ቀና አለ። ያለቀ የሬዲዮ ድንጋይ ልጦ የዚንክ ቆዳውን ቆረጠና፣ ጥቂት አሲድ ጠብ አድርጎ ባልዲው ውስጥ ጨመረው። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነው። እሷ በአንዱ ጥግ ዙህርን ሰገደች፤ እሱ ግድግዳ ተደግፎ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ ለሁለት እህቶች ሲል እንዲረዳው ጌታን ለመነ። ዚንኩ እየተበላ፣ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ነጭ ጥቁር ትቢያ አድርጎ አራገፈ። ትቢያውን አጠበ፣ የቀረውን ቢጫ አግሎ ግራጫ አደረገው፣ ቀላቀላቸው። ሁለቱ ተደምረው ጥፍር አይሸፍኑም።

ማህጁብ ወናፉን እስኪያልበው ነፋ። ግራጫው አልቀለጠም።

«አሁንም እሺ አላለችም» አለ። ትንሽ ቆይቶ የጠራውን ወርቅ ቀጥቅጦ አሳሳ፤ ሆዱ ባዶ የሆነ ዶቃ ሠራና ዱቄቱን ውስጡ ጨምሮ በየደው። ከቀረው ወርቅ የሠራቸውን ዶቃዎች ግራና ቀኙ በክር ሰካቸው።

ኢንዓም በሠርጉ ዋዜማ መጣች። ሳትቀመጥ፣ «የኔ የታለ?» አለች። ዓኢሻ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

«የሁሉም አንድ ላይ ሲቀልጥ፣ እኔ ለብቻዬ?»

«ለብቻሽ አይደለሽም። መሃል ነሽ፤ ዙሪያሽን ያለነው እኛ ነን።»

ኢንዓም ዶቃውን በጣቶቿ መሃል አዟዟረችው።

«ክሩ ላልቷል» አለች በመጨረሻ፣ ምንጣፉ ላይ እየተቀመጠች። «አምጪው፣ ልሰረው።»