የሠላሳ ዓመት እጩ

ለመላው የሰው ልጅ እንዲታወቅ! በኔዘርላንድ ሰሜን፣ ነፋስ ብስክሌት ከነጋላቢው በሚገፋባት የዩኒቨርሲቲ ከተማ፣ የታሪክ ትምህርት ክፍል የበር ሰሌዳዎቹን በእንግሊዝኛ ሊያጽፍ ወስኗል። ባሕርን ገፍቶ አገር ያደረገ ሕዝብ ከእንግዲህ የሚፈራው ነገር አይኖርም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ለካ ሰሌዳው ላይ ከስም በፊት የሚጻፍ ማዕረግ አለ።

ጌርሎፍ ሃዘዊንክል ማስታወቂያውን ያነበበው ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ አይብ የገባበት ዳቦውን እየገመጠ ነው። ማኘኩን አቆመ። እሱ ዶክቶራንዱስ ነው፤ በድሮው ሥርዓት ትምህርቱን የጨረሰ፣ ዶክተር ለመባል የማሟያ ጽሑፉን መከላከል ብቻ የቀረው ሰው ማለት ነው። ሌላው ሰው በዚህች ማዕረግ በኩል ያልፋል፤ ጌርሎፍ ግን ሠላሳ ዓመት ተቀመጠባት። እንግሊዝኛ ደግሞ ዶክቶራንዱስ የሚባል ፍጡር አያውቅም። መመሪያው «ማስተርስ ይባል» ይላል። ማስተርስማ ባለፈው ሳምንት እሱ ራሱ ያስመረቃቸው ጎረምሶችም አላቸው።

ከውጭ የመጡት ተማሪዎች «ፕሮፌሰር» ነው የሚሉት። አርሟቸው አያውቅም፤ ሰው በአክብሮት ሲጠራህ ማቋረጥ ነውር ነው ብሎ ያምናል። አሁን ግን በሩ ራሱ ሊያርማቸው ነው።

የዚህ አገር ሰው እኩልነትን አጥብቆ ይወዳል። ኮሪደር ላይ ዲኑም ጽዳት ሠራተኛውም «አንተ» ነው። ፖስታ ላይ ሲሆን ግን ፕሮፌሰሩ «ከፍተኛ ሊቅ»፣ ዶክተሩ «ክቡርና እጅግ የተማሩ»፣ ዶክቶራንዱሱ «ክቡርና የተማሩ» ይሆናሉ። ጌርሎፍን ከዶክተሮቹ የምትለየው አንዲት «እጅግ» ናት። እሷን ፍለጋ ስለ ግድብ ጠባቂዎች የጻፈው ድርሳን ካለቀ ስንት ዘመኑ፤ «ትንሽ ይቀረዋል» እያለ አቆይቶታል።

የትርጉም ኮሚቴ ተሰየመ። ሰብሳቢዋ ፕሮፌሰር ማክትልድ ፋን ኦመረን ናት። ሁለተኛው ሩርድ ዴልስትራ፣ ከፕሮፌሰርነት አንድ እርከን ዝቅ ያለ ዶክተር፣ ድሮ የጌርሎፍ ተማሪ የነበረ። ሦስተኛው ጌርሎፍ ነው፤ ቅሬታ ያለውን ሰው ኮሚቴ ውስጥ መክተት የአገሩ ብልሃት ነውና። እዚህ በድምፅ ብልጫ የሚያልፍ ነገር የለም። ሁሉም ራሱን እስኪነቀንቅ ይቀመጣሉ።

«ለሩርድ ደረጃ እንግሊዞቹ ‹ተባባሪ ፕሮፌሰር› ይላሉ» አለች ማክትልድ፣ ቃሉን እንደ ዓሣ አጥንት ከአፏ እየመዘዘች። «እኔ አልስማማም። ፕሮፌሰር እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እኔ ምን ልባል?»

«ሩርድ ተባል። ጥሩ ስም ነው።»

«ማክትልድዬ፣ የኤድንብራው እራት እስካሁን አልወጣልሽም?»

በኤድንብራው ጉባኤ የሁለቱም ደረት ላይ «ፕሮፌሰር» ተለጥፎ ነበር። ሩርድ ከክብር እንግዶቹ መሐል፣ እሷ ወጥ ቤቱ በር ሥር ተቀመጡ።

«ሾርባው በአናቴ ላይ ነበር የሚያልፈው!» አለች።

«የኔስ?» አለ ጌርሎፍ።

«ያንተማ ቀላል ነው። ማስተርስ።»

«አልስማማም።»

«ምን ይባልልህ?»

«ዶክተር ለመሆን የተቃረበ።»

ሩርድ በሳቅ ፈነዳ። «በር ላይ? እንግዲህ ራሱን ትንሽ የሚያመው ሰው ሁሉ ሊመጣብህ ነው!»

«አንተ ዝም በል። ሁለተኛ ዓመት ላይ የጣልኩህ እኔ ነኝ።»

«ሁለት ጊዜ» አለ ሩርድ፣ ሜዳሊያ እንደሚያሳይ ሰው። «እስካሁን የጽሑፍህን ቅርጽ ሳይ እጄን ያልበኛል።»

በሳምንቱ ተሰበሰቡ። በሚቀጥለውም ሳምንት። አሮጌዎቹ ሰሌዳዎች ተነቅለው ስለነበር በሮቹ ብሎን በወጣባቸው ቀዳዳዎች ያፈጡ ጀመር። አዲስ ገቢ ተማሪዎች ማን የት እንዳለ ጠፍቷቸው አንዱ ፈተናውን መጋዘን ውስጥ አስረክቦ ሄደ ተባለ። ዲኑ ቢቆጣም «ተስማሙ» ከማለት በቀር ሥልጣን አልነበረውም።

በመጨረሻ ማክትልድ ብዕሯን ወረወረች።

«ስማኝ ጌርሎፍ። ድርሳንህን አንብቤዋለሁ። ደረቅ ነው፣ ግን ጥሩ ነው። አማካሪህ ሆኜ እፈርማለሁ፣ በጸደይ ትከላከላለህ። ዶክተር በሁለቱም ቋንቋ ዶክተር ነው፤ ምንም የሚተረጎም ነገር የለውም። እኛም እንገላገላለን።»

የጌርሎፍ ጆሮ ቀላ። ጥርስ ሐኪሙ የእህቱ ባል በልደት ቀን ግብዣ ላይ «መቼ ነው ታዲያ?» የሚልበት አፉ ሲዘጋ ታየው። ጥቁሩ ቆብ፣ አበባው፣ አዳራሹ ታየው።

«ጠያቂዎቼ እነማን ይሆናሉ?» አለ።

«ከሌላ ዩኒቨርሲቲ እንጋብዛለን። ከእኛ ግን ስለ ግድብ የሚያውቅ ዶክተር አንድ ብቻ ነው ያለን።» ዞር ብላ ሩርድን አየችው።

ሩርድ የሹራቡን ኮሌታ አስተካከለ። «ክብር ነው» አለ። «ሥርዓቱን መቼም ታውቀዋለህ።»

በሚገባ ያውቀዋል። እጩው ጅራታም ጥቁር ኮት ለብሶ ይቆማል። ጠያቂው ተቀምጦ ይጠይቃል። እጩው መልስ ከመስጠቱ በፊት፣ በየጥያቄው፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ «እጅግ የተማሩ ጠያቂዬ ሆይ» ማለት አለበት፤ በትር የያዘው የሥርዓቱ አስከባሪ ገብቶ «ሰዓቱ ደርሷል» እስኪል ድረስ። ለማን? ስፔኖች ግድቡን የሠሩት ለዋና ነው ብሎ በፈተና ለጻፈው ልጅ።

«እስቲ አንዴ እንለማመድ» አለ ሩርድ፣ ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ። «ሳትቸኩል፣ ቀስ ብለህ፣ ‹እጅግ› የምትለዋን ጠበቅ አድርገህ በለኝ።»

ጌርሎፍ ተነሣ። የዝናብ ጃኬቱን ለበሰ።

«ማስተርስ በሉኝ» አለ።

«ምን?» ማክትልድ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ወር ሙሉ አልስማማም እያልክ አንገታችንን አንቀህ፣ ዶክተርነቱ እጅህ ላይ ሲወድቅ?»

«ተስማምቻለሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር።»

«ለኔ ተባባሪ ፕሮፌሰርነትስ ትስማማለህ?» አለ ሩርድ።

«የፈለግከውን ሁን።»

«ቆይ እንጂ! ዲኑ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው? ቢያንስ ምክንያቱን ንገረን!»

ጌርሎፍ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ሳበ።

«አልናገርም» አለ።