የመስታወት ጣራ

አምሀ ተኝቶ መኖር ከጀመረ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ሃያ ዓመት ሙሉ የውሃ ቦቴ እየነዳ ከጅጅጋ ደገሀቡር፣ ከደገሀቡር ጉናጋዶ ሲመላለስ የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን ከቦቴው መሰላል ላይ ወድቆ አከርካሪው ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲህ ቀና ብሎ መቀመጥ አልሆነለትም። ሚስቱ ቀለምወርቅ የጂኦግራፊ መምህርት ናት። በሳምንት ሁለት ቀን ሚኒባስ ተከራይታ፣ ወንበሩን አሳጥፋ፣ ፍራሽ ላይ አስተኝታ ወደ ሕክምና ትወስደዋለች።

አንድ ቀን ሲመለሱ ዞር ብላ አየችው። ዓይኑን የሚኒባሱ ጣራ ላይ ተክሏል።

«ምን እያየህ ነው?» አለችው።

«መንገዱን» አላት። «አሁን የከብት ገበያውን አለፍን። ቀጥሎ መታጠፊያው ነው። መገመት ያቃተኝ ሰማዩን ብቻ ነው። እሱ እንደሆነ የአንዱ ቀን ከሌላው አይመሳሰልም።»

ይህ ነገር ከልቧ አልወጣ አለ። ክፍል ውስጥ ስለ ነፋስና ስለ ዝናብ ስታስተምር ጠመኔዋን እንደያዘች ቆማ ትቀር ጀመር። ተማሪዎቿ ገልብጠው ጨርሰው ሲጠብቋት፣ እሷ በመስኮቱ አሻግራ ከካራማራ ተራራ ጫፍ ቀስ እያለ የሚላቀቅ ነጭ ዳመና በዓይኗ ትሸኛለች።

በመጨረሻ ከእናቷ የወረሰችውን ሱቅ ሸጠችና ጁነይድ ዘንድ ሄደች። ጁነይድ ከወሎ መጥቶ ጅጅጋ የከተመ ወጣት ነጋዴ ነው፤ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ከአስመጪ እያዘዘ ይሸጣል። ስልኩ ላይ ካሳያት ፎቶዎች አንዱ ዓይኗን ያዘው። ጣራው ከፊት እስከ ኋላ አንድ ወጥ መስታወት ነበር።

«ከኋላ የተኛ ሰው ሰማይ ይታየዋል?» ብላ ጠየቀችው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦለት ስለማያውቅ አጣርቶ እንደሚነግራት ቃል ገባ። ማታውኑ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከላት። «እትዬ ቀለምወርቅ፣ ጠይቄልዎታለሁ። ሜዳ ላይ ጋደም እንዳለ ሰው ነው፤ ሰማዩን በሙሉ ያያል።» በማግስቱ ውሉን ተፈራረሙ፤ ፎቶውም ከውሉ ጋር ተያይዞ ማኅተም አረፈበት።

መኪናው እስኪመጣ ሦስት ወር ፈጀ። በእነዚያ ወራት ባልና ሚስቱ ከሰዓት በኋላቸውን በሕልም መንገድ ላይ አሳለፉት ማለት ይቻላል። እሷ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ የተማሪ ደብተር ታርማለች፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ የት እንደደረሱ ይነግራታል። እሷም አንዳንዴ እርማቷን ትታ በደገሀቡር መንገድ ዝርግ ሜዳ ላይ አብራው ስትንሳፈፍ ራሷን ታገኘዋለች።

መኪናው መጣ ተባለና ሄደች። ነጭ ነው፤ ያብለጨልጫል፤ የፕላስቲክ ሽፋኑ እንኳ አልተነሳም። ቀና ብላ ጣራውን አየች። ድፍን ቆርቆሮ ነው። ዓይኗን አላመነችም። የኋላውን በር ከፍታ ገባች፣ ወንበሩ ላይ በጀርባዋ ተጋደመች። ከአፍንጫዋ በላይ ግራጫ ጨርቅ ተወጥሯል።

«ጣራው የታለ?» አለች እንደተኛች።

«ይሄኛው ሞዴል ጣራው ድፍን ነው» አላት ጁነይድ፣ ዓይኗን ሳያይ። «ለዚህ ሀገር ፀሐይ እንዲያውም ይሻላል። የወንበር ልብስና ምንጣፍ በነፃ እጨምርልዎታለሁ። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

የርክክብ ወረቀቱን ተቀበለችው። በፊርማዋ ፈንታ ግን «የታዘዘው የመስታወት ጣራ ስለሌለው አልተረከብኩም» ብላ ጽፋ፣ ቀኑን አስፍራ፣ ወረቀቱን ፎቶ አንስታ መለሰችለት።

አምሀ ይህን ሲሰማ «ተይው ቀለሜ» አላት። «ሞተር አለው፣ ጎማ አለው። ያደርሰናል።»

«ማድረስማ ሚኒባሱም ያደርሰን ነበር» አለችው።

በማግስቱ ውሉን፣ ፎቶውንና ስልኳን ይዛ ንግድ ቢሮ፣ የሸማቾች አቤቱታ የሚታይበት ክፍል ሄደች። ያገኘቻት ባለሙያ ካልቱን የምትባል ለስላሳ ድምፅ ያላት ወጣት ነበረች። ወረቀቶቹን አንብባ የጁነይድን ድምፅ ከፈተች። «ሰማዩን በሙሉ ያያል» የሚለው ቃል በጠባቧ ቢሮ ውስጥ ተሰማ። ካልቱን መልሳ ከፈተችው።

«ኤዶ» አለቻት፣ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት፤ «ገዢ ያዘዘውን እንጂ የመጣለትን ሁሉ ተቀበል አይባልም። በፎቶ አሳይቶሻል፣ በድምፁ አረጋግጦልሻል። ወይ ይቀይራል፣ ወይ የከፈልሽውን ይመልሳል። መራጯ አንቺ ነሽ።»

«ያዘዝኩት ይምጣልኝ» አለች ቀለምወርቅ።

የንግድ ቢሮው ደብዳቤ በደረሰው በሦስተኛው ቀን ጁነይድ ቤታቸው መጣ። ፊቱ ተክዟል። አስመጪው ሞዴሉን እንደቀየረበት፣ እሱም ሳያመሳክር እንደተቀበለ አመነ። «ድሬዳዋ ጎበዝ ጋራዥ አለ» አለ። «ጣራውን ቆርጠው አነስተኛ መስታወት ይገጥሙለታል።»

ቀለምወርቅ ልትመልስለት ስትል አምሀ ቀደማት።

«ና እስቲ፣ እዚህ ምንጣፉ ላይ ተጋደም» አለው።

ጁነይድ ግራ ገባው። የታላቅ ሰው ቃል ነውና ግን ጫማውን አውልቆ ከአልጋው ግርጌ በጀርባው ተኛ። ከውጭ የባጃጅ ድምፅ መጣና ራቀ። ኮርኒሱ ላይ የድሮ ዝናብ የተወው ቡናማ እድፍ አለ፤ ሁለቱ ወንዶች እሱን ሲያዩ ቆዩ። ቀለምወርቅ ደግሞ እነሱን አየች፤ ቤቱ ከመሬት ተነቅሎ በዝግታ የሚጓዝ መሰላት።

«ስንት ጊዜ ሆነዎት?» አለ ጁነይድ በመጨረሻ፣ ሳይነሳ።

«አራት ዓመት።»

ጁነይድ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ። «ሁለት ወር ስጡኝ» አለ። «ሙሉውን መስታወት አመጣለሁ።»

ቀለምወርቅ አንጀቷ ቢራራም በቃል ብቻ አልሸኘችውም። ካልቱን ፊት ቀርበው ቀኑ ተቆርጦ ተጻፈ፤ ካለፈ ገንዘቡ እንደሚመለስም ተፈራረሙ። ጁነይድ ባለ ቆርቆሮ ጣራውን መኪና ለሌላ ሰው ሸጠ፤ ከቀነ ቀጠሮው ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ያዘዘችውን አመጣላት። ውስጡ ገብታ በጀርባዋ ከተኛች በኋላ ነው የፈረመችው።

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቶች አምሀን ተሸክመው አስገቡላት። የደገሀቡርን መንገድ ያዘች። ከከተማው እንደወጡ ምድሩ ተዘረጋ፤ መኪናው ድምፅ የለውም፤ ከመንገዱ ዳር ግመሎች አንገታቸውን እያዞሩ አዩአቸው። ከኋላዋ ትንፋሽ እንኳ አይሰማም። ብዙ ከሄዱ በኋላ ዳር ይዛ አቆመች፤ ወርዳም የኋላውን በር ከፈተች።

የአምሀ ፊት በብርሃን ተሞልቷል። የዳመናው ጥላ ግንባሩን፣ ከዚያ አፍንጫውን፣ ከዚያ ጢሙን እየዳሰሰ አለፈ። ዓይኑ እርጥብ ነበር።

«ለምን አቆምሽ?» አላት።

«እንመለስ ብዬ ነው። ባትሪው ግማሽ ሆኗል።»

«ትንሽ እንሂድ» አለ አምሀ። «እስከዚያች ግራር ድረስ።»

ግራሯ ሩቅ ነበረች። ቀለምወርቅ በሩን ዘጋችና ተመልሳ መሪውን ያዘች።