የተገለበጠው ጊታር

ወንድሜ ጊታር ከነካ ዓመት ተኩል ሆኖት ነበር። የሚሠራበት የቆርቆሮ መቁረጫ ማሽን ከግራ እጁ ሁለት ጣቶች ወሰደበት፤ የመሃሉንና የቀለበት ጣቱን። የጊታር ክር ደግሞ የሚጫነው በግራ እጅ ነው። ከሆስፒታል የተመለሰ ዕለት ጊታሩን ከነከረጢቱ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወጣውና "እኔና እሱ ተፋተናል" አለ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስለ ጊታር ያነሳ የለም። ስለ ጣትም እንዲሁ። እናቴ እኔ ዕቃ ስፈታታ ባየች ቁጥር "አላርፍ ያለች ጣት..." ብላ ትጀምርና ወንድሜ እዚያው መኖሩ ትዝ ሲላት ተረቱን መሃል ላይ ትውጠዋለች።

እኔ ነገር ሳይገባኝ ማደር አይሆንልኝም። ጠባዬም ክፉ ነው፤ ያልገባኝ ነገር ያናድደኛል። በዚያ ዓመት የእንጨት ሥራ መምህራችን፣ እኛ ከኋላው "ሚሊሜትር" የምንለው ሰውዬ፣ የተግባር ሥራ ሰጠን። "ከቤታችሁ አንድ የቆየ ዕቃ አምጡ። ለአንድ ለምታውቁት ሰው እንዲስማማ አድርጋችሁ መልሳችሁ ሥሩት" አለ። አንዱ ለአያቱ ወንበር ሊያሳጥር ተነሳ፣ አንዷ ለእህቷ ጠረጴዛ። እኔ ወዲያው ያሰብኩት ጊታሩን ነው። ክሮቹ ቢገለበጡ፣ በቀኝ እጅ ተጭነው በግራ ቢመቱ፣ ለወንድሜ በግራ እጁ የቀሩት አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና ትንሿ ጣት ለመምታት ይበቁ የለም እንዴ?

ዓይኔን በጨው ታጥቤ ጠየቅኩት።

"ጋሼ፣ ጊታሩን ለትምህርት ቤት ሥራ ስጠኝ።"

"ምን ልታደርጊው?"

"ልፈታው።"

ጋዜጣውን ከፊቱ አላነሳም። "ውሰጂው። ከፈለግሽ ማገዶ አድርጊው። ብቻ አበላሽተሽ መልሰሽ እንዳታሳዪኝ።"

ለእሱ እንደሆነ አልነገርኩትም። ብነግረው እምቢ እንደሚል አውቃለሁ። አንድ ዕድል ብቻ ነበረኝ፤ ጊታሩ አምሮ ከተመለሰ ምናልባት ይነካው ይሆናል፤ ከተበላሸ ግን ፍቺው ጸደቀ ማለት ነው።

ሥራው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ላይ፣ ክሮቹ ከአንገቱ ጫፍ የሚያልፉባት ስድስት ስንጥቅ ያላት ትንሽ አጥንት አለች፤ ለወፍራሙ ክር ሰፊ፣ ለቀጭኑ ጠባብ ስንጥቅ። እሷን እንደ አዲስ ቀርጬ አዞርኳት። ሁለተኛው ታች፣ ሆዱ ላይ ነው። እዚያም ክሮቹ የሚያርፉበት ረዘም ያለ ስስ አጥንት በእንጨት ቦይ ውስጥ ተተክሏል። ይህንን ሳየው ሳቄ መጣ። ዘመም ብሎ ነበር የተተከለው! አንዱ ጫፉ ከሌላው ሦስት ሚሊሜትር ያህል ወደ ኋላ ሸሽቷል። የፋብሪካው ሠራተኛ ያን ቀን ምን ነክቶት ይሆን አልኩ።

የሚሊሜትር ተማሪ ደግሞ ጠማማ ነገር አይቶ አያልፍም። ሰውዬው በር ላይ ቆሞ ኮታችንን እንኳ በማዕዘን መለኪያው ሊለካ ምንም አይቀረው። የድሮውን ቦይ በእንጨት ደፈንኩ፣ በሙጫ አሰርኩ፣ ሲደርቅ አዲስ ቦይ ቀጥ አድርጌ ቆፈርኩ። ሚሊሜትር ማዕዘን መለኪያውን አስጠግቶ ወደ መስኮቱ አነሳው።

"ብርሃን አያሳልፍም" አለ። ክፍሉን ሁሉ ጠርቶ አሳየ። "ይቺን ልጅ እዩ! ጠማማ ተቀብላ ቀና የምታስረክብ።" እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ክሩን ገጥሜ ስቃኘው፣ ሳይጫኑት ሲመታ እንከን የለውም። ከላይ ከአንገቱ ጫፍ አካባቢ ስጫነውም ደህና ነው። ወደ ሆዱ እየወረድኩ ስጫን ግን ድምፁ ይጎመዝዛል። የወፍራሞቹ ክሮች ቃና ከልክ በላይ ከፍ ይላል፣ የቀጭኖቹ ዝቅ ይላል። ሚሊሜትር የጊታሩን አንገት ለካ፣ አንገቱ ላይ የተደረደሩትን የብረት መስመሮች ለካ፣ አጥንቱን ለካ። "ልኩ ልክ ነው" አለና ራሱን አከከ። እሱ ራሱን ሲያክ ያን ቀን ገና ማየቴ ነው። ርክክቡ ማክሰኞ ሊሆን ቅዳሜ ጊታሩን ታቅፌ ወደ ቤት ገባሁ። ቆሽቴ አርሯል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ቁጭ ብዬ አንዱን ክር ወደ ሆዱ በኩል ተጭኜ እየደጋገምኩ መታሁት። ደግሜ፣ ደግሜ፣ ያው ጎምዛዛ ድምፅ። ወንድሜ መኝታ ቤቱ ነበር።

"ኧረ ተዪው! ጆሮዬን ልትቆርጪው ነው እንዴ?"

አልተውኩም። በሩን በርግዶ ወጣ። ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ጊታሩን አየ። ወፍራሙ ክር ያለበትን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። አሁን መደበቅ ዋጋ የለውም።

"ላንተ ነው" አልኩት። "በቀኝህ እንድትጫን።"

"ማን ለመነሽ?"

"ማንም።"

"እኔ አሁን እንደ ሕፃን ልጅ ከሀ ልጀምር?" ፊቱ ቀላ። ዞሮ ሊሄድ ነው። ልለምነው አስቤ ከአፌ የወጣው ሌላ ነገር ነው።

"እሺ፣ አትጫወት። ብቻ ድምፁ ለምን እንደሚዋሽ ንገረኝና ሂድ። ሁሉን ለክቻለሁ፤ መምህሩም ለክቷል። ካልገባኝ እሞታለሁ!"

በሩ ላይ ቆመ። የአንድ እናት ልጆች ነን፤ የኔ በሽታ እሱንም ይነካካዋል።

"ታች ያለው አጥንት ዘመም ያለ አልነበረም?" አለ ሳይዞር።

"ነበረ። ቀና አደረግኩት።"

ሳቀ። ዓመት ተኩል ያልሰማሁት ሳቅ ነበር፤ እናቴ ከማድቤት ብቅ ብላ አየችንና ተመለሰች። "ቀና አደረግሽው! የፋብሪካ ሰው ሁሉ ሰክሮ አንቺ ብቻ ጤነኛ ሆንሽ?"

"ታዲያ ለምንድነው የሚዘመው?"

"እሱን እኔም አላውቅም" አለና ተቀመጠ። "ለምን ይሆን?"

አጥንቱን ነቅዬ አወጣሁት። በምትኩ የክብሪት እንጨት ቆርጬ በየክሩ ሥር አንዳንድ ቁራጭ አስገባሁ፤ ቁራጮቹ ወደፊትም ወደ ኋላም ይንሸራተታሉ። መፈተኛውን ያመጣው ወንድሜ ነው። ክሩ እኩሌታው ላይ ሳይጫኑት ለስለስ ተደርጎ ሲነካ እንደ ደወል ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። እዚያው ቦታ ተጭነው ሲመቱትም ያው ድምፅ መሆን አለበት። ካልሆነ የክሩ ርዝመት አልተስተካከለም ማለት ነው። እኔ ቁራጩን በወረንጦ እገፋለሁ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይመታል፣ ይጫናል፣ ይሰማል።

"ወደ ኋላ... ወደ ኋላ... አለፍሽ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም? ወደፊት፣ ፀጉር ታህል። እዚያው ያዢ።"

ስድስቱን ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ከዚያ ቆመን ከላይ አየነው። ከቀጭኖቹ አንዱ ትንሽ ከሰልፉ ወጣ ከማለቱ በቀር፣ ስድስቱ ቁራጮች ማንም ሳይነግራቸው ዘመም ብለው ተሰልፈዋል፤ በወፍራሙ ክር በኩል ወደ ኋላ ሸሽተው፣ በቀጭኑ በኩል ወደፊት ቀርበው። ከፋብሪካው አዘማመም ጋር ተቃራኒ ነው፤ ክሮቹን ገልብጫቸዋለሁና። ደስታዬ ለከት አጣ። ወፍራም ክር ሲጫኑት ከቀጭኑ ይበልጥ ይቆጣል፣ ቃናውም ከልክ በላይ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ የሚያበርደው ጥቂት ርዝመት ይጨመርለታል። ለካ ጠማማው እኔ ነኝ!

"ገባኝ! ጋሼ፣ ገባኝ እኮ!" እያልኩ ዘለልኩ።

ወንድሜ አልዘለለም። የቀኝ እጁን ሌባ ጣት ወደ መብራቱ አንስቶ ይመለከታል። ጫፉ ቀልቷል፤ ክሩ የሰረሰረው መስመር ይታያል።

"ይሄን ሁሉ ጊዜ በዚህ ነው ስጫን የነበረው?"

"በእሱ ነው" አልኩ።

እጁን ኪሱ ከተተና ወደ መኝታ ቤቱ ገባ። በሩን ዘጋ። ያን ጊዜ በጣም ፈራሁ።

ሰኞ ትምህርት ቤት ቦዩን እንደገና ደፍኜ ክብሪቶቹ ባሳዩኝ መንገድ ዘመም አድርጌ ቆፈርኩት። ሚሊሜትር መጥቶ ማዕዘን መለኪያውን ሊያስጠጋ ሲል የእሑዱን ነገርኩት። ክሩን እየመታ ደጋግሞ ሰማ። "ስንት ዘመን ሳስተምር" አለ፣ "ይሄን አላውቅም ነበር።" መለኪያውንም ደረት ኪሱ መለሰው። ማታ ጊታሩን ሳሎን ወንበር ላይ አስቀምጬ ተኛሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ስነሳ ወንበሩ ባዶ ነው። ከወንድሜ ክፍል ድምፅ ይሰማል። አንድ ምት፣ ዝምታ፣ የተሳሳተ ምት፣ ስድብ፣ ደግሞ ያው ምት። እናቴ ኮሪደሩ ላይ ፎጣ ይዛ ቆማለች፤ እንባዋን እየጠረገች "እንዳታስቆሚው" በሚል ዓይን አየችኝ። እኔ ግን ርክክብ አለብኝ፤ በሩን ገፋሁ። ወንድሜ አልጋው ጠርዝ ላይ ጊታሩን በተቃራኒ ታቅፎ የቀኝ ጣቶቹን አንድ በአንድ በግራ እጁ እያነሳ ክር ላይ ያስቀምጣቸዋል።

"ጋሼ፣ ዛሬ ነው የማስረክበው።"

"ነገ ውሰጂው።"

"ዛሬ ነው እያልኩህ! ባዶ እጄን ብሄድ ዜሮ ነው የሚሰጡኝ።"

ቀና ብሎም አላየኝ። "ይስጡሽ" አለ፤ ጣቶቹን መደርደሩን ቀጠለ።

ለግማሽ ነጥብ ከመምህር ጋር የምጣላ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን እየሳቅኩ፣ ደግሞም ሳላስበው እያለቀስኩ፣ ባዶ እጄን ትምህርት ቤት ገባሁ። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ መደርደሪያው ሁሉ ተደርድሯል። ሚሊሜትር መዝገቡን ይዞ እኔ ጋ ደረሰ።

"ዕቃሽ የታለ?"

"ወንድሜ አልሰጥም አለ።"

"እየተጫወተ ነው?"

"ኧረ ምኑን መጫወት! ጆሮ የሚያሳምም ነው። ከሀ ነው የጀመረው።"

ሚሊሜትር እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ትንሽ አሰበ፣ መልሶ ዘጋው። "እንግዲህ ሲለቀው አምጪውና ውጤትሽን እሞላለሁ" ብሎ ወደሚቀጥለው ልጅ አለፈ። አራት ወር ሆነው። ከስሜ ትይዩ ያለው ቦታ እስካሁን አልተሞላም።