በቀረጻው ልክ

ባሏ የሞተ ሰሞን ዘፋኟ የባንዱን ሰዎች አንድ ነገር አስማለቻቸው። ያንን ዘፈን፣ እሱ ጊታሩን የሚያስለቅስበትን፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው አብሮ የሚጮኽለትን ዘፈን፣ መድረክ ላይ በቀረጻው ልክ እንጂ እንዳሻቸው እንዳይጫወቱት። ሐዘኗ ገና እርጥብ ነበርና ማንም አልተከራከራትም።

በሟቹ ቦታ የመጣው ጊታር ተጫዋች ቀን ቀን ትምህርት ቤት ሙዚቃ የሚያስተምር፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሠራ ሰው ነው። መምህሩ ይሉታል። ቀረጻውን ደጋግሞ ሰምቶ ሶሎውን ቅንጣት ሳያዛንፍ ያዘው። ሟቹ አንዲት ቦታ ላይ ክሩን ዘግየት ብሎ ነበር የነካው፤ መምህሩ መዘግየቷንም ሳትቀር ያዛት። መጀመሪያ የተጫወተው ዕለት ዘፋኟ ማይኩን እንደጨበጠች ዞር አለች። ባሏ በሌለበት የባሏ እጅ ይጫወታል።

ከዚያ ወዲያ የምትኖረው ለዚያች ቅጽበት ሆነ። ሌላውን ዘፈን ሁሉ ለመጨረስ ያህል ትዘፍነዋለች፤ ሶሎው ሲደርስ ግን ዓይኗን ትጨፍንና ከጎኗ ትንፋሽ ትሰማለች። ለማንም አልተናገረችም። ምን ብላ? አማቷ ብቻ ሳይነገራቸው ያወቁ ይመስል ከፊተኛው ወንበር አይጠፉም ነበር። እሳቸውም ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ዘፈኑ ሲያልቅ ሁለቱ ሴቶች አይተያዩም፤ አንድን ሰው በየተራ ተደብቀው የሚያገኙ ይመስል።

ነገሩ ያላማረው ድራም መቺው ነው። መብረቅ ይሉታል፤ ከሟቹ ጋር አብሮ ያደገ ነው። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ዱላዎቹን አስቀመጠና፣

«ቅንብሩን እንለውጠው» አለ።

«እንዴት ተደርጎ!» አለች ዘፋኟ። «ሰው የሚመጣው የሚያውቀውን ሊሰማ ነው።»

«የሚያውቀውን የፈለገ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይስማ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ባልሽ ራሱ ይሄን ዘፈን ሁለቴ በአንድ ዓይነት ተጫውቶት ያውቃል? ዛሬ ያስረዝመዋል፣ ነገ ይቆርጠዋል፤ ስንቴ ነው እየተራገምኩ የተከተልኩት! የተቀረጸው እኮ አንድ ቀን ከሰዓት የተጫወተው ነው። እዚያች ከሰዓት ውስጥ ቆልፈሽበታል።»

«አንተ ምን ጎደለብህ?»

«ጓደኛዬ» አለ መብረቅ።

መምህሩ ጊታሩን እቅፉ ውስጥ እንዳጋደመ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም የምለው ነበረኝ። ቤቴ የራሴን ዜማ ስጀምር የሱ ይወጣብኛል። ጣቶቼ የኔ አልመስል ብለውኛል። ባለቤቴ ደግሞ በቀደም ለታ ራት እየበላን፣ ‹ጭንቅላትህን እንዲህ ዘንበል ማድረግ ከየት አመጣኸው?› አለችኝ።»

ማንም አልሳቀም። ዘፋኟ ዘንበል ማለቱን ካየች ሰንብታለች፤ እሷንስ ደስ ብሏት ነበር።

«ነገርኳችሁ፤ በቀረጻው ልክ» ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

በሚቀጥለው ኮንሰርት አማቷ መልበሻ ክፍል ድረስ መጡ። ክንዳቸው ላይ የልጃቸውን ጥቁር የቆዳ ጃኬት ይዘዋል። ለመምህሩ ዘረጉለት።

«በል ልበሰው የኔ ልጅ፣ ብርድ ነው።»

ብርድ አልነበረም። መምህሩ ዘፋኟን አያት፤ ዓይኑ ገላግይኝ ይላል። ገብቷታል። ገብቷት ሳለ፣

«ልበሰው» አለችው።

ልክክ አለለት።

ያን ምሽት ሶሎው ሲጀምር ዓይኗን አልጨፈነችም። ዞረች። ጃኬቱን፣ ዘንበል ያለውን ጭንቅላት አየች፤ ያቺንም መዘግየት ሰማች። እጇን ዘርግታ ተጠጋችውና ብቻቸውን ሲሆኑ ባሏን በምትጠራበት ስም ጠራችው። ማይኩ እጇ ላይ ነበር፤ አዳራሹ በሙሉ ሰማ።

ቀና አለ። አመድ የመሰለ፣ በፍርሃት የደረቀ የሌላ ሰው ፊት ነበር። የመምህሩ ጣቶች ክሮቹ ላይ ቆሙ፤ ሶሎው መሃል ላይ ተቆረጠ።

የድምፅ ማጉያው እዝዝታ ብቻ ቀረ። ቤዝ ተጫዋቹም ግራ ገብቶት እጁን ሰበሰበ። መብረቅ ግን ዱላዎቹን ጥሎ ከበሮውን በመዳፉ ቀስ እያለ ይመታ ጀመር። ዘፋኟ መድረኩ መሃል ተገትራ ጆሮዋን አቀናች። ከጎኗ ትንፋሽ የለም። ልታለቅስ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን የዘፈኑ ስንኝ ሆነ፣ ዝቅ ባለ፣ በሻከረ ድምፅ፣ ቀረጻው ላይ በሌለ ዜማ። ከኋላ አንዱ «እንደ ዱሮው አድርጉት!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «አፍህን ዝጋ!» አለው። እስከ መጨረሻው ዘለቀችው።

አማቷ ዓይናቸውን ገልጠው አይተዋታል። ሲያበቃ መልበሻ ክፍል ገቡና ጃኬቱን ከመምህሩ ትከሻ ላይ በገዛ እጃቸው አወለቁ።

«ልጄ ዛሬ አልመጣም» አሉ።

«እማዬ...»

«ተይኝ ልጄ። እኔና አንቺ እኮ ልጄን መቃብሩ ውስጥ እንኳ አላስተኛነውም።»

ያኔ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ከቀብሩ ወዲህ አብረው ሲያለቅሱ ይህ መጀመሪያቸው ነበር። አማቷ ከዚያ በኋላ ኮንሰርት መጥተው አያውቁም፤ ዘፋኟ ግን እሁድ እሁድ ቤታቸው እየሄደች ትጠይቃቸዋለች።

ለሚቀጥለው ልምምድ መምህሩ ለዚያው ዘፈን የራሱን ቅንብር ይዞ መጣ። አዝጋሚ ነው፤ የጊታሩ ሶሎ የነበረበት ቦታ ላይ ከበሮውና ቤዙ ብቻ ይሄዳሉ። ዘፋኟ እዚያ ስትደርስ መግባቷን ረስታ ባዶውን ቦታ ስታዳምጥ ቀረች። ማንም አልመጣባትም። ቀለላት ወይስ ከፋት፣ ለራሷም አልለይ አላት።

«ወይ ጉድ፣ አለፈኝ» አለች። «የት ላይ ነው የምገባው?»

«እኔም ገና አላወቅሁትም» አለ መምህሩ። «እስኪ አብረን እንፈልገው።»

መብረቅ ከት ብሎ ሳቀና ዱላዎቹን አጋጭቶ ከመጀመሪያው አስጀመራቸው።