ድምፅ የሰጡኝ ሰዎች

የምተዳደረው በማንበብ ነው። ሲጋር የሚባለውን ወፍራም ጥቅል የሚሠሩ ስልሳ ሰዎች እጃቸው የትምባሆ ቅጠል ላይ ሲውል፣ እኔ ከፍ ካለችው መድረክ ላይ ተቀምጬ ጠዋት ጋዜጣ፣ ከምሳ በኋላ ልብ ወለድ አነብላቸዋለሁ። ፒናር ዴል ሪዮ በምትባለው የትምባሆ ከተማችን ውስጥ፣ በዚያው አንድ ፋብሪካ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። መጽሐፉን የምመርጠው እኔ አይደለሁም። እነሱ እጅ እያወጡ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ያሸነፈውን አነባለሁ።

ራሴን አጫሽ ብዬው አላውቅም ነበር። እሁድ ከምሳ በኋላ በረንዳዬ ላይ አንድ ሲጋር፣ በቃ። ጭሱን ወደ ውስጥ አልስበውም፤ አፌ ውስጥ አንከባልዬ ነው የምለቀው።

በየካቲት ወር አንድ ጠዋት ጋዜጣው ስለ ሲጋር የሚያወራ የጤና ጽሑፍ ይዞ መጣ። ዘልዬው ላልፍ አሰብኩ። ግን እነዚያ ሰዎች የተዘለለ መስመር ከሩቅ ይሸታቸዋል፤ አነበብኩት። ጭሱ ባይዋጥም አፍንና ጉሮሮን ይጎዳል ይላል። አልፎ አልፎ ማጨስ የየቀኑን ያህል ባይከፋም፣ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም ይላል።

«ወሬ!» አለ ከኋላ ረድፍ ሴራፊን። ከሁላችንም ሽማግሌው እሱ ነው። «ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፣ በቀን ሦስት አጨሳለሁ፤ ይኸው ጉሮሮዬ እንደ አውራ ዶሮ!»

«አውራ ዶሮ እንኳ በጠዋት እንዳንተ አያስልም!» አለው አንዱ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ኔሬይዳ ብቻ አልሳቀችም። መቀመጫዋ ከመድረኩ ሥር፣ የፊተኛው ረድፍ ላይ ነው፤ እኔ ሥራ ስጀምር እዚያው ነበረች። ወደ ቤት ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ።

«ኤቬሊዮ፣ ድምፅህ ሻክሯል።»

«ጉንፋን ነው ባክሽ።»

«ከገና ጀምሮ? ይሄ ጉንፋን ቤት ተከራየ እንዴ?»

ሳቅኩባት። ማታ ግን ሒሳቡን ሠራሁት። በሳምንት አንድ፣ በዓመት ሃምሳ ሁለት። ጎረቤቴ ያን ያህል ሲጋራ በሦስት ቀን ይጨርሳል፤ እሱ ደግሞ እንደ ፈረስ ጤነኛ ነው። አባቴም አጭሶ አርጅቶ ነው የሞተው። ሚዛኑ ሁልጊዜ ወደ እኔ ያደላ ነበር፤ መዛኙም እኔው ነበርኩና።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ልብ ወለዱን ገልጬ ልጀምር ስል ኔሬይዳ ተነሣች።

«ጓዶች፣ ድምፅ የሚሰጥበት ነገር አለ። ኤቬሊዮ ሐኪም ሳያየው ከእንግዲህ አንድ መስመር እንዳያነብልን። የምትደግፉ?»

እጆች ወጡ። ቆጠርኳቸው። የሴራፊንም እጅ ነበረበት።

«አንተም?» አልኩት።

«እኔ ሲጋሩን አይደለም የጠረጠርኩት» አለ። «ግን ትናንት የመጨረሻውን ገጽ አልሰማሁህም። ጆሮዬ ደህና ነው።»

ደሜ ፈላ። ማይክሮፎኑን አጥፍቼ ወጣሁ። ክሊኒክ የሄድኩት ለጤናዬ ብዬ አይደለም፤ «ምንም የለበትም» የሚል ወረቀት አምጥቼ ፊታቸው ላይ ላነብላቸው ነበር። የሰፈራችን ሐኪም ዶክተር ኦዳሊስ ግን ጉሮሮዬን አይታ ወረቀቱን ከለከለችኝ። በሳምንቱ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከችኝ። እዚያ በአፍንጫዬ ቀጭን ካሜራ አስገቡ፤ የድምፄ አውታር ላይ የሩዝ ፍሬ የማታክል ነጭ ነገር ተለጥፋ ተገኘች። በማደንዘዣ አውጥተው ለምርመራ ላኳት።

ውጤቱን የነገረችኝ ዶክተር ኦዳሊስ ናት።

«ካንሰር አይደለም» አለች። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ቀጠለች። «ግን ወደዚያው መንገድ ጀምራ ነበር። አንድ ሁለት ዓመት ቢቆዩ ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው።»

መናገር ስለተከለከልኩ በወረቀት ጻፍኩላት፦ «በሳምንት አንድ ሲጋር ነው ይህን ያመጣው?»

«ልምልልዎት አልችልም። ሳያጨስም የሚያመው አለ። በሳምንት አንድ የሚያጨስ ሰው አደጋው ትንሽ ነው፤ ትንሽ ማለት ግን ባዶ ማለት አይደለም።»

«ሴራፊንስ? 81፣ በቀን 3» ብዬ ጻፍኩ።

ሳቀች። «አውሎ ነፋስ መጥቶ አንድ ቤት ቢያተርፍ፣ ነፋሱ ቤት አያፈርስም ይባላል? ደግሞ የእርስዎ ጣሪያ አንዴ ተነካክቷል። ከእንግዲህ ሚዛንዎ ከሌላው ሰው ጋር አንድ አይደለም።»

ሦስት ሳምንት ዝም በል ተባልኩ። ቤት መቀመጥ ሲያቅተኝ ፋብሪካ ሄድኩ፤ ከኔሬይዳ አጠገብ አስቀምጠው የቅጠል አጥንት፣ ማለት መካከሉ ያለውን ወፍራም ጅማት፣ አስነቀሉኝ። ጋዜጣውን ተራ በተራ ያነቡ ነበር። አንዷ ትጣደፋለች፣ አንዱ ነጥብ አያውቅም። እጄ ሲሠራ፣ ዓይኔ ቅጠሉ ላይ ሲተከል፣ የቀረኝ የሰው ድምፅ ብቻ ሆነ። የምታነበው ልጅ ምራቋን ስትውጥ እንኳ ሰማሁ። ያኔ ገባኝ። እነዚህ ሰዎች እኔ በራሴ ድምፅ ውስጥ ሰምቼው የማላውቀውን ሃያ ሁለት ዓመት ሲሰሙ ኖረዋል። ዓይኔ እንባ ሞላ። ኔሬይዳ አየችኝና፣ «ቅጠሉን አታርጥብብኝ፣ ይበላሻል» አለችኝ።

ድምፄ ሲመለስ ትንሽ ቀጥኖ ነበር። ልብ ወለዱን ካቆምኩበት ከፈትኩት፤ እኔ በሌለሁበት ማንም ገጽ አልገለጠም። የመጀመሪያውን አንቀጽ ስጨርስ ሁሉም ቅጠል በሚቆርጡበት ቢላዋ ጠረጴዛውን ደበደቡ፤ እኛ ዘንድ ጭብጨባ ማለት ይህ ነው።

ሲጋሩን ተውኩት። ቀላል ነበር አልልም፤ እሁድ ከምሳ በኋላ እጄ የሚገባበት ያጣል። የሚያጨስ ሳይ ግን አልሰብክም። የሚጠይቀኝ ካለ የደረሰብኝን እነግረዋለሁ፤ ሚዛኑን ራሱ ይያዘው፣ ግን ሌላ ሰውም ቁጥሩን እንዲያነብለት ያድርግ እላለሁ።

ኅዳር ላይ ለክትትል ትልቁ ሆስፒታል ሄጄ የጉሮሮ ዶክተሩ «ንጹሕ ነው» አለኝ። ከአውቶቡስ ወርጄ ቤቴን አልፌ ቀጥታ ኔሬይዳ ቤት ሄድኩ። ካሳቫ እየላጠች ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። መንገድ ላይ ስንት ቆንጆ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ፊቷ ስቆም አንዱም አልወጣ አለኝ።

«ምን አሉህ?» አለች ቢላዋዋን አቁማ።

«ንጹሕ ነው አሉኝ። ኔሬይዳ... አመሰግንሻለሁ።»

 በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች።

«በል ግባ» አለች፣ «ሌላ ቢላዋ አለ፤ ካሳቫው ብዙ ነው።»