አፈ ቅቤ የጻፈው መግለጫ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «አፈ ቅቤ» ይሉታል፤ ልበ ጩቤውን ለጊዜው ምረውት። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መግለጫ ጸሐፊ ነው፤ እንጀራው ሻካራ ቃል ማለስለስ ነው። ጎረቤት አገር «የድንበር ከተማችሁን በኑክሌር አመድ አደርጋታለሁ» ብሎ ሲፎክር፣ እሱ «ከወዳጅ አገር የተሰነዘረ አስተያየት» ብሎ ይጽፋል። ጉድ በሉ! አመድ መሆንም አስተያየት ሆነ።

ዘንድሮ ዛቻው ሲመጣ ይኼ ሦስተኛው ነው። መንግሥት ግን ከዚያው ጎረቤት ጋር የነዳጅ ውል ለመፈራረም ደፋ ቀና ይላል። የሚያስፈራራንን እያባበሉ፣ የፈራውን ወገን ዝም በል ማለት ፖሊሲ ሆኗል። አፈ ቅቤን ይኼ ያንገበግበዋል። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «የድንበር ከተማ ነዋሪዎች ለጊዜው ራቅ ቢሉ ይመከራል» ብሎ ጽፎ ነበር። አለቃው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣

«ምን ነካህ?» አለው። «ሕዝቡ ከወጣ ፈራን ማለት ነው። ከፈራን ደግሞ ውሉ ገደል ገባ። አውጣት ይቺን!»

«ጌታዬ፣ እህቴ እኮ እዚያ ናት።»

«የሁላችንም ወገን እዚያ አለ» አለ አለቃው። የራሱ ሚስትና ልጆች ባለፈው ሳምንት ለዕረፍት ብለው ባሕር ማዶ መብረራቸውን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቃል። አፈ ቅቤ በሆዱ «ወይ ያንተ ወገን!» አለ፤ በአፉ ግን «እሺ ጌታዬ» ነው ያለው። ከዚያም «ነዋሪዎች ያለ አንዳች ሥጋት ኑሯቸውን ይቀጥሉ» ብሎ ጻፈ። ጠዋት በሬዲዮ ተነበበ።

ለእህቴ ለብቻዋ እነግራታለሁ ብሎ ነበር ራሱን የሸነገለው። ሰው ለምሳ ሲወጣ ደረጃው ሥር ተሸጉጦ ደወለላት።

«እቱ፣ ልጆቹን ይዘሽ አሁኑኑ ውጪ!»

እሷ ሳቀች። «የምን መውጣት? ሰፈሩ በሙሉ መኪና ተከራይቶ ፍራሹን ጭኖ ነበር። ሬዲዮኑን ስሰማ ‹ይኼን የጻፈው ወንድሜ ነው፣ እሱ እሳት ውስጥ አይማግደንም› አልኳቸው። ሁሉም ዕቃውን አወረደ፣ መኪኖቹንም መለስናቸው። አሁን እኔ ቤት ተሰብስበው ሲመርቁህ ብትሰማ!»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። አፈረ፤ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ያም ሆኖ የባሰውን ተናገረ፦

«ስሚኝ፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። አንቺ ብቻ ውጪ።»

«እኔ ብቻ?» አለች፣ ሳቋ ጠፍቶ። «ዕቃቸውን ያስወረድኳቸው እኔ፣ እነሱን ጥዬ ልሂድ? አላደርገውም። በል ራስህ ንገራቸው፤ ይኸው ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኩት፣ ሁሉም ይሰሙሃል።»

የአንድ ሽማግሌ ድምፅ መጣ። «ልጄ፣ ጎረቤቷ ነኝ፣ ሰዓት ሠሪው። ምነው፣ በደህና ነው?»

ቅቤው በዚያች ሰዓት ከዳው። «አባባ፣ ውጡ። ዛሬውኑ ውጡ።»

«ጠዋት ኑሯችሁን ቀጥሉ ያልከንሳ?»

«ፈርቼ ነው የጻፍኩት።»

«አይዞህ፣ ቦምብ የማይፈራ ማን አለ» አሉ ሽማግሌው ሊያጽናኑት።

«ቦምቡን አይደለም አባባ። አለቃዬን ነው የፈራሁት።»

አንዲት ሴት «መኪኖቹ እኮ ሄደዋል!» ብላ ጮኸች። እህቱ ለልጆቿ «ጫማችሁን አድርጉ፣ በእግራችን ነው የምንሄደው» ስትል ሰማ። ግርግር ሆነ፣ በር ተከፈተ፣ አሁን የደረሰ አንድ ሰው «ማን ደውሎ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«መንግሥት ነው» አለችና ስልኩን ዘጋችው።